የሳተ ጥይት የት ይሄዳል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴና እኔ ጦርነት እንጫወታለን። ያሉን በእጃችን የሣልነው የካርቶን ካርታ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ወታደሮችና የሉዶ ዳይስ ናቸው። እያንዳንዳችን አንድ መቶ አለቃ እንሆናለን፤ ምን እንደሚያስብና ምን እንደሚያደርግ እንናገርለታለን፤ ሲተኩስ ደግሞ መምታት አለመምታቱን ዳይሱ ይወስናል። ባለቤቴ ባየችን ቁጥር "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ትላለች።

ያን ቅዳሜ ግን ቤት አልነበረችም። ሐይቁ ዳር ካለው የእህቷ ቤት ልጃችንን ልታመጣ ሄዳለች። ጎረቤቴ ደግሞ መቶ አለቃው ስለሞተበት በግኗል።

"ሐይቅ አሻግረህ ገደልኸኝ እኮ!" አለኝ። "ደልጊ ላይ ተኩሶ ጎርጎራ ላይ የሚመታ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

እውነቱን ነው። በደንባችን ዳይሱ አራትና ከዚያ በላይ ካመጣ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ ተመታ ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡን ማሻሻል ጀመርን። የራቀን ለመምታት ስድስት ያስፈልጋል፤ ሮጦ የደከመ ተኳሽ አንድ ይቀነስበት፤ የፈራ ሁለት ይቀነስበት።

"የፈራማ ጭራሽ አይመታም" አለ ጎረቤቴ። እኔም ልመልስለት አፌን ስከፍት ከሐይቁ አቅጣጫ ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ተደራረበ።

እኛ ከተማ ተኩስ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ደስታ ነው ወይስ ጠብ ብሎ ነው። ደስታ ከሆነ እልልታ ይከተለዋል። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ፤ እልልታ የለም።

"ሠርግ ይሆናል" አልኩ፤ እንዲሆንልኝ ፈልጌ።

"በዐቢይ ጾም?" አለ ጎረቤቴ ቀስ ብሎ። "ማን ያጋባቸዋል?"

ለባለቤቴ ስልክ ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ሞከርኩ፤ አይሠራም። ልወጣ ስነሣ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘኝ። "በየት በኩል እንደሚመጡ ታውቃለህ? ብትተላለፉስ?" አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዐይኔ ካርታው ላይ ወደቀ። በደንባችን ዳይሱ ካነሰ "ሳተ" እንላለን፤ ተራውም ወደ ሌላው ይዞራል። በቃ። የሳተው ጥይት የት እንደሚያርፍ አንድም ቃል አልጻፍንም። ባለቤቴና ልጄ ላይ የሚያነጣጥር ማንም እንደሌለ ዐውቃለሁ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ለታለመበት ሰው የተኳሹ ድካም ይቀነስለታል፣ ርቀቱም ይታሰብለታል። ላልታለመበትስ ምን ይቀነስለታል? ተባራሪ ጥይት ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

የግቢው በር ሲንኳኳ ማን እንደከፈተው አላስታውስም። ባለቤቴ ልጃችንን እጇን ይዛ ገባች።

"ምነው ፊትህ ዐመድ መሰለ?" አለችኝ።

"ተኩሱስ?"

"ለቅሶ ነው እንጂ! አንድ ትልቅ ሰው ዐርፈው ነው የተኮሱላቸው። እኔም አስከሬናቸው እስኪያልፍ ቆሜ ነው የዘገየሁት።"

ጎረቤቴ በሳቅ ፈነዳ። "ጾም ሠርግ ከለከለ እንጂ ሞት መቼ ከለከለ!" አለ። እኔም ሳቅኩ። ለቅሶ የሚባል ነገር ለሁለታችንም ትዝ ሳይለን መቅረቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጎረቤቴ ሊሄድ ሲነሣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ ሲሚንቶውን መታው። ልጄ ማንም ምንም ሳይላት መሬት ላይ በደረቷ ተኛች፤ ሁለት እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ።

አነሣኋት። "ማን አሳየሽ፣ የኔ እናት?"

"ትምህርት ቤት" አለችኝ ቀሚሷን እያራገፈች። "ቲቸር ስታጨበጭብ ሁላችንም እንተኛለን። እኔ በመተኛት ከክፍል አንደኛ ወጣሁ።"

ጎበዝ እንድላት ዐይን ዐይኔን እያየች ጠበቀች።