አምስተኛው ቀለም

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አንድ ኮምፒውተርና የሶዶን ዙሪያ የሚያሳይ የሳተላይት ምስል ሰጥተውኝ «በአራት ቀለም ለዪልኝ» አሉኝ። ቤት ቀይ፣ እርሻ ቢጫ፣ ደን አረንጓዴ፣ ክፍት መሬት ነጭ።

«እንሰትስ?» አልኳቸው።

«ቤት አይደለም፣ የሚታረስ ማሳ አይደለም፣ ደንም አይደለም። እንግዲህ ክፍት ነው በይውና ቀጥዪ።»

በጓሮ እንሰት ያደግኩት እኔ፣ ዝም ብዬ ነጭ ቀባሁት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ዓመታት አልፈው ቡድን መሪ ሆንኩ፤ ከተማዋ ወዴት እንደምትሰፋ የሚተነብየው የኮምፒውተር ሞዴልም እጄ ገባ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። በቀለም የለየነውን የድሮና የአሁን ምስል ያስተያያል፣ ከአስፋልቱ ያለውን ርቀትና የመሬቱን ተዳፋት ያያል፣ ከዚያ ቀጥሎ ቤት የሚሠራበትን ቦታ ይጠቁማል። ክፍት የተባለውን ያስቀድማል።

ውጤቱ ሲወጣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለ አንድ መንደር በሙሉ «ሰው ያልሰፈረበት፣ ለግንባታ ዝግጁ» ተብሎ መጣ። ደነገጥኩ። ካርታው ከጸደቀ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች በወረቀት የሉም፤ ሲነሱም ምትክ ቦታ ለማን ይሰጣል?

ጂፒኤሴን ይዤ በባጃጅ ሄድኩ፤ መንገዱ ሲያልቅ በእግሬ ወጣሁ። ክፍት ባልኩት ቦታ ላይ አቶ ዳልኬ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ እንሰት ሲኮተኩቱ አገኘሁና ካርታውን አሳየኋቸው።

«የኔ ልጅ፣ ያ ሰማይ ላይ ያለው ነገር ቤቴን አላየም እንዴ?»

ቀና ብዬ አየሁ። የእንሰቱ ቅጠል ጣራቸውን ሸፍኖታል። የጎረቤታቸውም እንዲሁ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ የየቤቱን ቦታ በጂፒኤሱ ስመዘግብ ዋልኩ።

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ ካርታውን ዘረጉልኝ።

«ሰኞ ለስብሰባ ይቀርባል፤ ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ሞዴሉ ነው እኮ ያለው!»

«ሞዴሉ ያለው እኔ ያልኩትን ነው። እኔ ደግሞ እያወቅኩ ተሳስቻለሁ።»

«የቡድን መሪነትሽን አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ» አልኩና ወጣሁ።

ሰኞ አቶ ዳልኬን ይዤ ስብሰባው ገባሁ። የአለቃዬ ዓይን ቢገድል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ፣ ሽማግሌው ቤታቸውን እንዲያሳዩን ጠየቅኩ። ተነሥተው ሄዱና መዳፋቸውን ነጩ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ክፍት አይደለም። እኔ ነኝ» አሉ።

ካርታው ለእርማት ተመለሰ። «እንሰትና ቤት» የሚል አምስተኛ ቀለም ጨምሬ ሞዴሉን እንደገና ሠራሁት፤ መንደሩም ከክፍት መሬትነት ወጣ። እኔ ከቡድን መሪነት ተነሳሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም በተራ ባለሙያነት ነው። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ዛሬም ያንን ካርታ ቢያመጡልኝ ግን አልፈርምም።

ሥራውን አሁን ለምትጀምሩ፦ ሞዴል የምትነግሩትን ነው የሚተነብየው። ቀለም ያልሰጣችሁትን ሰው አያውቀውም።