የናቲ ሁለተኛ ጉርሻ

የፈረንጅ ገና አልፎ የእኛው ሲቃረብ፣ በፊት እንኖርበት የነበረው ቻምብሊ ከተማ ያሉ የሜክሲኮ ዳቦ ቤቶች መስኮት ላይ ያ ክብ ዳቦ ይደረደራል። መሐሉ ክፍት ነው፤ ላዩ በቀይና በአረንጓዴ የፍራፍሬ ቁራጭ ያጌጠ፣ ሽታው መንገድ ድረስ የሚጣራ። ሌላው ሰው ሲያየው ምራቁን ይውጣል። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ናቲ ገና አራቱ። እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምትጠብቀን ከላያችን ያለው አፓርትመንት የምትኖረው ዶኛ ሉሲያ ነበረች። የዋሃካ ሰው ናት፤ ዋሃካዎች ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ እንኳ በምግብ አይታሙም። እማዬ ሁሌ ከበር ላይ ተቀብላን ትሮጣለች እንጂ ገብታ ቀምሳላት አታውቅም። አንድ ኦፍ የሆነችበት ቀን ግን ዶኛ ሉሲያ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

ጠረጴዛው ሞልቶ ነበር። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ታማሌ፣ እንደ ንፍሮ ያበጠ በቆሎ ያለበት የዶሮ ሾርባ፣ ደግሞ ሞሌ የሚሉት እንደ ከሰል የጠቆረ ወጥ። እማዬ ወጡን ስታይ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ በአማርኛ፣ "አንቺ፣ ይሄ ነገር አሯል እንዴ?" አለችኝ። ከወትሮው ረዘም ያለ ጸሎት አደረገችና ቀመሰች። "ወይ ጉድ! የእኛን ዶሮ ወጥ ሊያስንቅ ነው እኮ!" ሁለተኛውን ማንም ሳይለምናት ጨለፈች።

መጨረሻ ላይ ያ ክብ ዳቦ መጣ። በእነሱ ደንብ እያንዳንዱ የራሱን ቆርጦ ነው የሚበላው። ዶኛ ሉሲያ ወደ ዳቦው እየጠቆመች በስፓኒሽ ረዘም አድርጋ የሆነ ነገር አስረዳችን። እማዬ ምርቃት መስሏት "አሜን፣ አሜን" አለችና ቆረጠች።

የእኛ ሰው ደግሞ የጣፈጠውን ብቻውን መዋጥ አይሆንለትም። እማዬ ከድርሻዋ ገምሳ ናቲን አጎረሰችው። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብላም ሁለተኛውን ደገመችለት፤ የእናት ጉርሻ ነውና ጉንጩን ወጠረው።

ናቲ አላለቀሰም። ያስፈራኝም እሱ ነው። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም፤ ዓይኑ እኔ ላይ ፈጧል። ከንፈሩ መጥቆር ጀመረ። ሥራ ቦታ ስንቱን ሽማግሌ ትን ሲለው ያተረፈች እናቴ፣ በራሷ ልጅ ጊዜ እጇ ከዳት፤ "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" እያለች መጮህ ብቻ ሆነ። ዶኛ ሉሲያም በቋንቋዋ ያንኑ ስም እየጠራች ከኪችን ሮጣ መጣች። ናቲን ነጥቃ ጭኗ ላይ ዘቀዘቀችውና ጀርባውን በመዳፏ ትመታው ጀመር። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ወንድሜ አለቀ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ከአፉ ዱብ አለ። ናቲም አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ። የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ምንጣፉ ላይ የወደቀው የጣቴን ጫፍ የሚያህል ነጭ የፕላስቲክ ሕፃን ነበር። እማዬ አየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። "በኢየሱስ ስም! መተት ነው ያበሉን!" ብላ ናቲን አቅፋ ወደ በሩ ገሰገሰች። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ዶኛ ሉሲያን ልናጣት ነው። እሷ እያለቀሰች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በስፓኒሽ ታስረዳለች፤ እኔ መሐላቸው ገብቼ አስተረጉማለሁ።

"ሕፃኑ ጌታ ነው አለች። ከሄሮድስ ተደብቆ ነው ዳቦው ውስጥ የሚገባው። ያገኘው ሰው በሚቀጥለው ወር ለሁሉም ታማሌ ያበላል።"

እማዬ በሩን እንደያዘች ቆመች። "ከሄሮድስ?" አለች። ከዚያ ተመልሳ መጣችና ሁለቱ ናቲን መሐል አድርገው ተላቀሱ። ድርሻው የእሷ ነበርና በወሩ ታማሌውን ራሷ አበላች፤ ሚጥሚጣም ጨመረችበት።

ዛሬ የምንኖረው ሎረንስቪል ነው። ናቲ እማዬን በአንድ ክንድ ብድግ የሚያደርግ ጎረምሳ ሆኗል፤ ያን ቀን ጨርሶ አያስታውሰውም። እማዬ ግን ዛሬም ልታጎርሰው ስትል ጉርሻውን በጣቶቿ ፈታ አድርጋ ትዳብሰዋለች። "ማሚ፣ ቼክ አድርገሽ ጨረስሽ?" ይላትና ጎንበስ ብሎ አፉን ይከፍታል። ይስቃሉ። እኔ እሱ እስኪውጥ ድረስ አልተነፍስም።