በየማታው የማየው ጨሞ

ከሸኮ የምወጣበት ዕለት ማታ እማዬ ጨሞ አፈላች። ጨሞ እንኳ የጠዋት ነው፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው በማለዳ ነው። ያን ዕለት ግን ወጉን ማን አስታወሰው! ሚጥሚጣውን አብዝታው ኖሮ ሁሉም ዓይኑን ይጠርጋል። «ሚጥሚጣው ነው» ትላለች እማዬ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የመንገዱን ነገር ተዉት፤ ያለፈበት ያውቀዋል። አሁን ጀርመን ነኝ። ዝናብ እዚህም አለ፤ የእኛው ቡናውን ያፈካል፣ የዚህኛው ሰው ብቻ ያበሰብሳል። የጎረቤቴን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሚዛን ከተማ ሠርግ የሚቀርጸው ታናሽ ወንድሜ ታምሩ ዙሪያውን ባንዴ የሚያነሳ ካሜራ አግኝቶ፣ የእማዬን ግቢ በጨሞ ሰዓት ቀርጾ ላከልኝ። ቪአር የሚሉትን መነጽር ገዝቼ አጠለቅሁ። ወይ ጉድ! ዞር ስል እንሰቱ፣ ከኋላዬ የጎረቤት ጫጫታ። እማዬ መጥታ «እንካ ጠጣ» ብላ ኩባያ ዘረጋችልኝ። ልቀበላት ብዬ የጠረጴዛውን መብራት ሰበርኩት። ሽታው ብቻ የለም እንጂ አገሬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን በስፒከር ለቅቄ በየማታው እገባለሁ።

አንድ ቀን አከራዬ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ፣ አንኳኩ።

«ያከራየሁህ ለአንድ ሰው ነው። ስንት ናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ሴቶች ሲስቁ ሰምቻለሁ። ዶሮም ሰምቻለሁ። ውላችን ላይ ዶሮ የለም!»

አልጋ ሥር ሳይቀር ፈተሹ። ቢጨንቀኝ መነጽሩን አጠለቅሁላቸው። ቆይተው እጃቸውን ወደ ባዶው ዘረጉ፤ እሳቸውም ሊቀበሏት።

«እናትህ ናት?» አሉ ሲያወልቁት። «በስልክስ ምን ትልሃለች?»

ደነገጥኩ። ከደወልኩላት ሰንብቼ ነበር። በየማታው ስለማያት የተገናኘን መስሎኝ!

በማግስቱ ደወልኩ።

«አለህ ወይ ልጄ? ታሞ ነው ብዬ ቤተ ክርስቲያን እየተጸለየልህ ነው።»

«ደህና ነኝ እማዬ። ታምሩ በላከው በየማታው አይሽ የለ?»

«አንተስ ታየኛለህ። እኔ በምን ልይህ?»

አፍንጫዬን ስስብ ሰማችኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ሚጥሚጣው ነው» አልኳት።