ዞር ብለው ያዩት ወንበር

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የባቡሩን መስኮት ተደግፌ፣ ግማሹን እያጠናሁ ግማሹን እያንቀላፋሁ ዋሽንግተን እገባለሁ። የዚያ ዘመን ትዝታዬ ሁሉ በዚያ መስኮት በኩል ያየሁት ይመስለኛል፤ ዳር ዳሩን ጉም የለበሰ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ። ሕልም ይሁን እውነት ለይቼ የማላውቀው ብዙ ነገር አለ። አንዲት ወንበር ግን ጥርት ብላ ትታየኛለች።

ያኔ የተመደብኩት የማህፀን ካንሰር የሚታከምበት ክፍል ነበር። የተማሪ ሥራ ሐኪሟ ከመግባቷ በፊት በሽተኛዋን አነጋግሮ ፎርም መሙላት ነው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «አለ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። አስተማሪያችን ቁመቷ አጠር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ አሜሪካዊት ሐኪም ነበረች። አንድ ነገር ደጋግማ ታስጠነቅቀናለች፤ ከመጠየቃችሁ በፊት ቤተሰቡን ከክፍሉ አስወጡ ትለናለች። ይሄማ ምን ያቅታል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላት።

አንድ ቀን ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ አንዲት ሀበሻ እናት መጡ። ስልሳን ያለፉ፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሴት ናቸው። ታክሲ የሚነዳው ትልቁ ልጃቸው ነው ወንዙን አሻግሮ ያመጣቸው፤ የእናቱን ቦርሳ ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎናቸው ተቀመጠ። የሰፈራቸው ሐኪም በአልትራሳውንድ ማህፀናቸው አጠገብ ትንሽ ውሃ የቋጠረች እጢ አይቶ ነው የላካቸው። አማርኛዬን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! የኛ ልጅ ዶክተር ሆንሽልን!» አሉ።

«ኧረ ገና ተማሪ ነኝ፣ እናቴ» ብል ማን ሰምቶኝ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

ልቤ አብጦ መጠየቅ ጀመርኩ። የት ጋ ነው የሚያምዎት? ምግብ ይበላሉ? እንቅልፍስ? እኩሉን ልጃቸው ነው የሚመልስልኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን አንዱ ጥያቄ ላይ ደረስኩ፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ታይቶ ያውቃል ወይ ይላል።

ቀና ብዬ ልጃቸውን አየሁት። በዕድሜ ታላቅ ወንድሜ ይሆናል። ሥራውን ትቶ እናቱን ያመጣ ሰው «ውጣ» ይባላል? በምን አፌ! እሱ እዚህ ቁጭ ብሎስ እናቱን ስለ ደም እንዴት ልጠይቅ? ኧረ ይቅርብኝ አልኩ በልቤ።

«ሌላውስ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ትንሽ ዘግየት ብለው።

«የለም» የሚለውን ሳጥን ቼክ አደረግኩ።

አስተማሪዬ ገብታ ፎርሙን አነበበች፣ መረመረቻቸው። መጋረጃው ቢጋረድም የልጃቸው ሳል ከወዲያ በኩል ይሰማ ነበርና ያኔም አፌን አልከፈትኩም። እጢዋ የምታሰጋ አይደለችም፣ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ ተባሉ። ሁላችንም ደስ አለን። እናትየዋ ከወንበሩ ብድግ አሉ፣ ዞር ብለው መቀመጫውን አዩት፣ ከዚያ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወጡ።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ የአመሻሹ ፀሐይ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያቺ ወንበር መጣችብኝ። እኚያ ሴት ይነሳሉ፣ ዞር ብለው ያዩዋታል። እንደገና ይነሳሉ፣ እንደገና ያዩዋታል። እኔም ተማሪ ቤት እያለሁ፣ በዚያ በወሩ ሰሞን፣ ከዴስክ በተነሳሁ ቁጥር እንደዚያው ነበርኩ። ደም ነክቶት ይሆን ብላ ያላየች ሴት የት አለች? እሳቸው ግን ስልሳ አልፏቸዋል። ምን አስዞራቸው?

ዓይኔ ተገለጠ። በዚያ ዕድሜ የሚታይ ደም የማህፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁ ሰው ነኝ እኮ! እኔ ደግሞ ለስድስት ወር ሸኘኋቸው። «ደንቆሮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ሰብሰብ አደረገች። የምወርድበትንም ጣቢያ አለፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት አስተማሪዬን ቢሮዋ በር ላይ ጠበቅኳት። ሳልጠይቅ ነው «የለም» ብዬ የሞላሁት አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ ውስጥ አስገብታኝ የጠረጴዛዋን ስልክ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ኮል አደረግኩላቸው። ልጃቸው ሥራ ወጥቷል። «እናቴ፣ ትናንት ያልጠየቅኩዎት ነገር አለ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደም ይታይዎታል?» አልኩ።

የቤታቸው የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል።

«ሦስት ወር ሆነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ትናንት ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ልጄ ፊት እንዴት አድርጌ እኔው ላውጣው? ደግሞ ልጄን አየት አድርገሽ ጥያቄውን ስታልፊው አየሁሽና፣ የጨዋ ልጅ ናት፣ አሳዳጊዋ ይባረክ አልኩ።»

መረቁኝ! ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። በጨዋነቴ ልገድላቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት መጥተው ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነበር፤ ደግነቱ ገና ከማህፀናቸው አልወጣም። በቀዶ ሕክምናው ቀን ማደንዘዣው ሳይዛቸው እጄን ፈልገው ያዙ። «አለሽ?» አሉኝ። «አለሁ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ካለው ሰዓት የቀረልኝ የመብራቱ ንጣትና ጓንቴ ውስጥ የላበው እጄ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክፍላቸው ስገባ ፀሐይ አልጋውን ሞልቶታል። ልጃቸው ቦርሳቸውን ታቅፎ አጠገባቸው ተቀምጧል። አሁንማ ተምሬያለሁ።

«ወንድሜ፣ አንዴ ውጭ ጠብቀን» አልኩት። ብድግ አለ።

እናቱ እጁን ያዙት። «ይቆይ» አሉኝ። «ያወጡት እሱ ዘጠኝ ወር የተኛበትን ቤት ነው። ይስማ።»

ልጃቸው ተመልሶ ተቀመጠ፣ አቀረቀረ። ቦርሳውን ግን አልለቀቀም። እኔም እፊቱ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ጠየቅኳቸው።

«ደም አለ?»

«የለም» አሉ።

ጻፍኩት።