ነጭና ትልቅ ሆድ

ኤድልሚራ «የመናገር ፍላጎት የላትም» የሚለውን ቅጽ የሞሉት መምህርት ቹ ናቸው። ዓርብ በሚሰጠው የቃል ፈተና ካልተናገረች ከጓደኞቿ ተለይታ ወደ ጀማሪዎች ክፍል እንድትወርድም በዚያው ቅጽ ላይ ወስነዋል።

ያልጻፉት የሚከተለውን ነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቻይንኛ ልትማር ከፔሩ እስከ ቻይናዋ ኩንሚንግ ከተማ የመጣችው ኤድልሚራ እቤቷ ስላለችው ጥንቸል ተናገረች። ጥንቸል በቻይንኛ «ቱዝ» ነው፤ «ዱዝ» ግን ሆድ። «ቤቴ ነጭና ትልቅ ሆድ አለኝ፤ ጠዋት ጠዋት ካሮት አበላዋለሁ» ብላ ተቀመጠች። መምህርቷ ዐረፍተ ነገሩን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ክፍሉ ሁለት ጊዜ በኅብረት እንዲያነበው አደረጉ። ከዚያ ወዲህ አምስት ሳምንት ሙሉ ኤድልሚራ ክፍል ውስጥ ቃል አልተነፈሰችም። አፏን ያዘጉት ሴት ዝምታዋን የራሷ ባሕርይ አድርገው መዘገቡት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በተማሪዎቹ መኖሪያ ወጥ ቤት፣ የክፍል ጓደኞቿ የካዛክስታኗ ቢቢጉልና ታይላንዳዊው ቲራፖን ከኤድልሚራ ጋር ሊጥ በሥጋና በጎመን እየሞሉ ድስት ውስጥ ይቀቅሉ ነበር።

«ሆዴ፣ ነጩ ሆድሽ እንዴት ዋለ?» አላት ቲራፖን።

«አንተ መጀመሪያ የራስህን ቦርጭ ሰብስብ!»

«ይኸው! እዚህ ስትሆኚ ምላስሽ ምላጭ ነው» አለች ቢቢጉል። «ነገ ዝም ብለሽ ከዚህ ጉድ ጋር ብቻዬን ልትተዪኝ? አይሞከርም! እጅሽን አምጪ።»

መዳፏ ላይ ዱቄት ነሰነሰችላት። «ዱ በይ።»

«ዱ።» ዱቄቱ ንቅንቅ አላለም።

«አሁን ቱ።»

«ዱ።»

«አንቺ ሴትዮ! ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው!»

«ቱ!»

ዱቄቱ ቡን ብሎ የቲራፖንን ፊት አለበሰው።

«ዓይኔን! ጥንቸሏ መጣችብኝ!»

ሦስቱም በሳቅ ወለሉ ላይ ተዘረጉ። እስኪነሡ ድረስ ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ፈንድቶ ሾርባ ሆኗል። ሾርባውን ጠጡት።

ዓርብ መምህርት ቹ ቅጹን ፊታቸው ዘርግተው፣ «ስለ ቤትሽ ተናገሪ» አሉ።

«መምህርት፣ ቤቴ ነጭና ትልቅ *ቱዝ* አለኝ» አለች ኤድልሚራ፣ ትንፋሿን ሳትቆጥብ። ቅጹ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወለሉ ላይ አረፈ። የተፈቀደላት አምስት ደቂቃ ነበር፤ አሥራ አንድ ተናገረች።

መምህርት ቹ ጎንበስ ብለው ቅጹን አነሡ፤ ውሳኔውንም በገዛ እጃቸው ሰረዙት። ምክንያቱን አሁንም አልጻፉም።

በሩ ላይ ቲራፖን ካሮት ይዞ ይጠብቃት ነበር።