ሳያስቆሙኝ የምሮጥበት ቦታ ፍለጋ

ቅዳሜ ማለዳ ከቤት የወጣሁት የመሮጫ ቦታ ፍለጋ ነው። ኩላሊቴ ለእህቴ ለጽጌ ተስማምቷል፤ ሐኪሞቹ ግን «ክብደት ካልቀነስክ ኦፕራሲዮን አናደርግህም» አሉኝ። ጽጌ ደግሞ «ለሐበሻ ትንፍሽ እንዳትል» ብላ አስምላኛለች። እሷ በዲያሊሲስ እየተሰቃየች እኔ ቦርጬን ታቅፌ ምን እቀመጣለሁ?

ኦክላንድ

ሌክ ሜሪት የሚባለውን ሐይቅ የሚዞረው መንገድ ሜዳ ነው፤ ለጀማሪ ይሆናል። ፓርኪንግ ግን መከራ ነው። ዝይዎቹም መንገዱን በኩስ ሞልተውታል። እሱንም ቻልኩት። ገና ሰውነቴ ሲሟሟቅ አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፣ ጋሽ ታደሰ ናቸው።

«ምነው፣ መኪናህ ተበላሸ እንዴ? ግባ ላድርስህ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ኤክሰርሳይስ እያደረግሁ ነው።»

«በዚህ ብርድ? ግባ ስልህ፣ በእግዜር!»

ከኋላ ያለው ሹፌር ክላክሱን ሲያስጮህብን ምን ላድርግ፣ ገባሁ። ቁርስ ካልጋበዝኩህ ብለው ጥብስ አስበሉኝ። ልቀንስ ወጥቼ ጨምሬ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ሳን ሊያንድሮ

የባሕሩ ዳር መንገድ ሰፊ ነው፣ ፓርኪንጉም ነፃ፤ ነፋሱ ግን ወደ ኋላ ይገፋል። እዚህስ ማን ያውቀኛል ብዬ ስጀምር፣ ድሮ አብራኝ የሠራችው አልማዝ ከልጇ ጋር ከች አለች።

«ውይ በሞትኩት! ምን ሆነህ ነው? ማን ሞተ?»

ክንዴን ይዛ አልለቅ አለች። ልጅቷ «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ጀስት ራኒንግ» ብላ እየሮጥኩ ብቻ እንደሆነ ብትነግራትም አላመነችም። ማንም አለመሞቱን ሳስረዳ ላቤ ደረቀ።

ሳን ሆዜ

እርር ድብን ብዬ ፍሪዌዩን ያዝኩ፤ እሱም በትራፊክ ተዘግቶ ጠበቀኝ። የሳን ሆዜው የወንዝ ዳር መንገድ ግን ጥላ አለው፣ መኪናም አይገባበትም። እሰይ ብዬ መሮጥ ስጀምር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት እጃቸውን ዘረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ቁም! ማን አባሮህ ነው?»

አሁንስ በዛ! «ማንም አላባረረኝም እማማ! እህቴ ኩላሊቷ ደክሟል፤ ካልከሳሁ የእኔን አይሰጧትም! ሰው ደግሞ አላስሮጥ አለኝ!»

ጮኼባቸው ወዲያው አፈርኩ። እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም።

«ታዲያ ሳትነግረው ሰው በምን ይወቅልህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉና በከዘራቸው መንገዱን አሳዩኝ። «በል ሩጥ! ምን ይገትርሃል?»

ሮጥኩ። ስመለስም አላስቆሙኝም፤ «አይዞህ!» ብቻ አሉኝ።

ቤት

አመሻሽ ላይ ለጽጌ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች።

«ቦታውማ ሞልቷል» አልኳት። «እኔን ያስቸገረኝ ምስጢርሽ ነው።»

 በኋላ ስልኳን አነሳችና ለቤተ ክርስቲያን ማኅበሯ ሰዎች በሙሉ በድምፅ መልእክት ላከች፦

«ወንድሜን ስታገኙት እባካችሁ አታስቁሙት። ለእኔ ነው የሚሮጠው።»