ቀዩ ማጀት

«ድስቶቹን ያመሳሰልሽው በጾሙ ድስት ቅቤ ማቅለጥሽን ልትደብቂ ነው!» አለችኝ አክስቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ከመርጡለ ማርያም ንግሥ መመለሷ ነበር፤ የመንገዱ አቧራ እንኳ ከነጠላዋ አልተራገፈም።

ልጅ ሆኜ ከሞጣ ወደ ቢቸና የመጣሁት እሷ ዘንድ ተቀምጬ እንድማር ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ በቤቱ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። በጾም ወጧ ስሟ የተጠራ ሴት ናት፤ የነፍስ አባቷ በጾም ከሌላ ሰው እጅ አይቀምሱም። ማጀቷ ሁለት መልክ ነበረው፤ የጾሙ ወገን በነጭ አፈር ተለቅልቆ፣ የፍስኩ ወገን በጭስ ጠቁሮ። ሁለቱ የጾም ድስቶች አንገታቸው ላይ ነጭ ተቀብተዋል። የፍስኩ አንድ ነው፣ ምልክት የለውም።

እኔን ደግሞ የቤት አያያዝ አስተማሪያችን ከአዲስ አበባ ያመጣችው መጽሔት ልቤን ወስዶት ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ማድቤት ግድግዳው፣ መደርደሪያው፣ ድስቱ ሳይቀር አንድ ቀለም ነው። «እንዲህ ሲሆን ዓይን ያርፋል» አለችን። ደብተሬ ጀርባ ላይ የአክስቴን ማጀት ሣልኩና ሙሉውን በቀይ ቀባሁት። አክስቴ ንግሥ በሄደች ማግስት ቀይ አፈር ቆፍሬ በእበት አቦካሁ፤ ግድግዳውን፣ መደቡን፣ የድስቶቹን ጀርባ እስከ አንገታቸው ከነክዳናቸው ለቀለቅሁ። ያ የእርጥብ አፈር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እጄ እስከ ክርኔ ቀልቶ ቆሜ አየሁት፣ አማረኝ። ምልክቱ ትዝም አላለኝ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ በበሩ አንገቷን አስግጋ «ማጀት ነው የቀበሮ ጎሬ?» ብላ ሳቀች። ስትሄድ ግን ዞር ዞር እያለች አየችኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አክስቴ ሦስቱን ድስቶች ብታሸት ብታገላብጥ መለየት አቃታት። የነፍስ አባቷ፣ አባ፣ ተጠሩ፤ እትዬ የሺ ሳትጠራ መጣች። እኔ፣ ምላሴ መቼ ያርፋል፣ «እሳት ላይ ይጣዱ፤ ቅቤ የጠጣ ሸክላ ሲግል ይሸታል» አልኩ። አክስቴ ከአፌ ነጠቀችኝና «ድስቴ ይሰነጠቃል!» አለች። ያን ጊዜ ነው እኔም እሷን መጠርጠር የጀመርኩት። ለድስት እንዲህ አትደነግጥም ነበር።

አባ ይጣድ አሉ። የመጀመሪያው ቅቤ ቅቤ አለ፤ የፍስኩ ተገኘ ብለን ተነፈስን። ሁለተኛውም ሸተተ። ሦስተኛው ባሰ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ አክስቴ ዞርኩ፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እኔ አልነካሁም። ከእኔ ሌላ ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

ዛሬ በተከራየኋት ክፍል ያለችኝ አንዲት ድስት ናት፤ ጾምም ፍስክም ታያለች፣ ከፍቶ የሚያሸታት የለም። ባሏ የሞተባት ሴት በጾም ቅቤ አማራት ብዬ አሁን አልፈርድባትም። ያኔ ግን የአክስቴ ስም ያደረው እነዚያ ድስቶች ውስጥ ነበር።

«አጠፋሁ በይ፣ ልጄ» አሉኝ አባ። «ንስሐ ትቀበያለሽ፣ ትምህርትሽንም እዚሁ ትቀጥያለሽ።»

ሞጣ የሚጠብቀኝ ባል እንጂ ደብተር አልነበረም። አባቴ ለጋብቻ የጠየቁኝን ሰዎች የመለሳቸው ትምህርቷን እስክትተው ጠብቁ ብሎ ነው።

«በይ እንጂ! ምን ይዘጋሻል?» አለች አክስቴ።

«አልነካሁም» አልኩ።

«እንግዲያ ማን ነካው?» አሉ አባ።

እትዬ የሺ ጠጋ አለች። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። አባ ደግመው ጠየቁኝ። የአክስቴን ስም ሳላነሳ ደብተሮቼን በጨርቅ ቋጥሬ ወጣሁና ወደ ሞጣ ከሚመለሱ የጨው ነጋዴዎች ኋላ ገባሁ።